ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግና የተዘነጋው ማስጠንቀቂያ

የአሌክሳንደር ፍሌሚንግን ስም ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተነገረን ታሪክም አጭር ነው። አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም የጀርም ማሳደጊያ ሳሕኑን ሳያጥብ ለዕረፍት ሄደ፤ ሲመለስ ሻጋታ በቅሎበት አገኘ፤ ፔኒሲሊን ተገኘ፤ የሰው ልጅም ከተላላፊ በሽታ ተገላገለ የሚል ነው። በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛ፣ ሰውየው ስኮትላንዳዊ እንጂ እንግሊዛዊ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሻጋታው ከታየበት ቀን አንሥቶ የተጣራው መድኃኒት በበሽተኛ ላይ እስከ ዋለበት ቀን ድረስ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ አልፏል፤ ወሳኙን ሥራም የሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን መጨረሻው ነው። የሰው ልጅ ተገላገለ ተብሎ ታሪኩ በሚዘጋበት ሥፍራ ላይ ፍሌሚንግ ራሱ አልዘጋውም። ባክቴሪያዎች ይህን መድኃኒት ሊያሸንፉት እንደሚችሉ በአደባባይ ከተናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የሕይወቱን ታሪክ እዚህ የምናቀርበውም በዚህ በኩል እያየን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሌሚንግ የተወለደው ኦገስት 6 ቀን 1881 በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ በኤይርሻየር አውራጃ፣ ሎክፊልድ በሚባል የእርሻ ሥፍራ ነው። አባቱ በኪራይ መሬት የሚኖር ገበሬ ሲሆን ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሞተ። ከዚያ በኋላ እርሻውን እናቱና ታላላቅ ወንድሞቹ ያዙት። ልጁም እንደ ብዙዎቻችን ወላጆች በእግሩ ረጅም መንገድ እየተመላለሰ ፊደል ቆጠረ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ወደ ለንደን፣ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ጥቂት ጊዜ ከተማረ በኋላ በአንድ የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ሆኖ አራት ዓመት ሠራ። ሐኪም ለመሆን የበቃው አንድ አጎቱ ሲሞት ትንሽ ውርስ ስለ ደረሰው ነው። ውርሱ ባይመጣ ኖሮ የጭነት ዝርዝር ሲገለብጥ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር ብሎ መገመት ከእውነት አያርቅም። እንዲህ ያለ አእምሮ ይዘው በየጭሰኛው ጎጆ የቀሩትን ማን ቆጥሯቸው ያውቃል?

በ1901 በለንደን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባና በ1906 ጨረሰ። ወደ ላቦራቶሪ ሥራ የገባበት ምክንያት ደግሞ አስቂኝ ነው። ፍሌሚንግ ጥሩ ተኳሽ ስለ ነበረ የሆስፒታሉ የተኩስ ክበብ ሊያጣው አልፈለገም፤ ስለዚህ በአልምሮዝ ራይት ክፍል ሥራ ተፈለገለት ይባላል። ራይት በዘመኑ የታወቀ የክትባት ሊቅ፣ ኃይለ ቃልና ክርክር የሚወድ ሰው ነበር። ፍሌሚንግ ግን ዝምተኛ ነው። አብረውት የሠሩት ሁሉ የሚያስታውሱት ከአፉ ቃል የማይወጣ፣ ዓይኑ ግን ነገር የማያልፈው ሰው መሆኑን ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሁለቱ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቡሎኝ ከተማ ተላኩና የቁማር ቤት በነበረ ሕንጻ ውስጥ ላቦራቶሪ አቋቋሙ። በየቀኑ በመድፍ ፍንጣሪ የተቦዳደሰ ወታደር ይመጣል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ሐኪሞችም ኃይለኛ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ያፈሱበታል። ፍሌሚንግ በብርጭቆ እሾህና ጉድጓድ ያለው ሰው ሠራሽ ቁስል ሠርቶ ባደረገው ምርመራ፣ ፈሳሹ በጥልቁ ስርጉድ ውስጥ የተደበቁትን ጀርሞች እንደማይደርስባቸው፣ ይልቁንም ጀርሙን የሚከላከሉትን የሰውየውን ነጭ የደም ሕዋሳት ቀድሞ እንደሚገድል አሳየ። አብዛኞቹ ሐኪሞች ግን ልማዳቸውን አልተዉም። ፍሌሚንግም ሰውን ሳይጎዳ ጀርሙን ብቻ የሚገድል ነገር መፈለጉን ከዚያ ወዲያ አላቋረጠም።

በ1921 ጉንፋን ይዞት ሳለ ከገዛ አፍንጫው ንፍጥ ወስዶ ከጀርም ጋር ቢያገናኘው ጀርሙ ሲሟሟ አየ። በንፍጥ፣ በእንባና በእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለውን ይህን ነገር ሊሶዛይም ብሎ ሰየመው። አደገኛ በሽታ አምጪዎችን ግን ብዙም አይነካም ነበር። ከዚያ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1928 ከዕረፍት ሲመለስ ያ የታወቀው ሳሕን ተገኘ። በሳሕኑ ላይ እባጭና መግል የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የተባለ ጀርም ተዘርቶ ነበር፤ በአንድ ዳር ሻጋታ በቅሏል፤ በሻጋታው አጠገብ የነበሩት ጀርሞች ግን ሟሙተዋል። ሌላ ሰው ሳሕኑን ይጥለው ነበር። ፍሌሚንግ ሻጋታውን አራብቶ ጭማቂውን ፔኒሲሊን አለውና በ1929 ጽሑፉን አወጣ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው ያለፈው አንድ ነገር አለ። ፍሌሚንግ ጭማቂውን በልዩ ልዩ ጀርሞች ላይ ሞክሮ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ ሲሞቱ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትና የታይፎይድ ወገን የሆኑት ግን ምንም እንዳልሆኑ ጽፏል። እንዲያውም ፔኒሲሊን በወቅቱ የጠቀመው እንደ መድኃኒት ሳይሆን፣ የማይሞተውን ጀርም ከሚሞተው ለይቶ ለማውጣት ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ጀርም ሁሉ ለፔኒሲሊን እጁን እንደማይሰጥ የታወቀ ነው።

ጭማቂውን አጥርቶ ማውጣት ለፍሌሚንግ አልሆነለትም። ሥራውን ከመደርደሪያ ያነሡት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አውስትራልያዊው ሐዋርድ ፍሎሪ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣው የበርሊን ተወላጅ ኤርነስት ቼይን፣ እንዲሁም ኖርማን ሂትሊ ናቸው። ሜይ 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦችን በገዳይ ስትሬፕቶኮከስ ወጉ፤ ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጧቸው። በማግስቱ አራቱ በሕይወት ነበሩ፤ ሌሎቹ አራቱ ሞተዋል። በፌብሩዋሪ 1941 ፊቱ በሙሉ ያመረቀዘ አንድ ፖሊስ መድኃኒቱን አገኘና መዳን ጀመረ። ነገር ግን ያለው ጥቂት ስለ ነበረ ከሽንቱ እንኳ እያጣሩ መልሰው ሲሰጡት ቆዩ። መድኃኒቱ አለቀ፤ በሽታው አገረሸ፤ ሰውየውም በማርች ሞተ። ያ ፖሊስ ሕክምናው በድህነት ምክንያት በመካከሉ ለተቋረጠበት ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የእሱ ድህነት የላቦራቶሪው ድህነት ነበር።

ብሪታንያ በቦምብ ስትደበደብ ፍሎሪና ሂትሊ ሻጋታውን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። መንግሥትና ኩባንያዎች ተባብረው ፔኒሲሊንን በትላልቅ በርሜል ማምረት ጀመሩ፤ በ1944 የኖርማንዲ ዘመቻ ጊዜ ለሠራዊቱ ደረሰ። ኦክስፎርድ ያልያዘው ፓተንት በአምራረቱ ዘዴ ላይ አሜሪካ ውስጥ ተያዘ። የዝናው ክፍፍልም እንዲሁ የተዛባ ነው። በ1942 አልምሮዝ ራይት ለታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ክብሩ ለፍሌሚንግ እንዲሰጥ አሳሰበ፤ ፍሎሪ ጋዜጠኛ ሲመጣበት ይሸሽ ስለ ነበረ ሜዳው ለፍሌሚንግ ቀረ። በ1944 ሰር ተባለ። በ1945 የኖቤልን ሽልማት ከፍሎሪና ከቼይን ጋር ተካፈለ። ሂትሊ ግን ምንም አላገኘም፤ ኦክስፎርድ የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1990 ነው።

ወደ ዋናው ነገር የምንደርሰው በዚህ ሽልማት ላይ ነው። ዲሴምበር 11 ቀን 1945 በስቶክሆልም ባደረገው ንግግር ፍሌሚንግ ከምስጋናና ከትዝታ በኋላ ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ አስተያየት ጣለ። ጀርሞችን ሊገድላቸው ከማይበቃ ፔኒሲሊን ጋር በላቦራቶሪ በማኖር መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ ማድረግ እንደማያስቸግር፣ ይኸው ነገር በሰው አካል ውስጥም መታየቱን ገለጸ። ከዚያ አንድ ምሳሌ አመጣ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል፤ ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል፤ የወሰደው ጀርሙን ባይገድልም መቋቋምን ያስተምረዋል፤ ጀርሙ ወደ ሚስቱ ይተላለፍና የሳንባ ምች ያመጣባታል፤ መድኃኒቱም እምቢ ብሎ ትሞታለች። ጥፋተኛው ያ በግዴለሽነት መድኃኒት የቀማመሰ ባል ነው።

ነገሩ ከባዶ የመጣ ትንቢት አልነበረም። በዲሴምበር 1940፣ የተጣራው ፔኒሲሊን ገና በአንድም በሽተኛ ላይ ሳይውል፣ ኤድዋርድ አብርሃምና ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኤንዛይም ከባክቴሪያ ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አውጥተው ነበር። ጠላት መሣሪያውን የሚሰብርበትን መዶሻ መሣሪያው ከመታጠቁ በፊት ይዞ ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ባክቴሪያ በዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ ሲያድግና ሲከፈል ይህን ግድግዳ መልሶ መገንባት አለበት። ፔኒሲሊን የግንበኞቹን እጅ ይይዛል፤ ግድግዳው ይሳሳል፤ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይነካም። ሕዝባችን ሕክምና እምቢ ሲል በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ነገር ግን የሚለምደው የሰውየው አካል አይደለም፤ አንዱ ጀርም ለብቻው ቁጭ ብሎም አይለማመድም። በሃያ ደቂቃ አንድ ጊዜ የሚከፈል ባክቴሪያ ምግብ እስካገኘ ድረስ በአሥር ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መባዛት ውስጥ በዘሩ ላይ ትንሽ ስሕተት የደረሰበት ይወለዳል። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚቆርጥ ኤንዛይም ያወጣል፤ አንዳንዱ መድኃኒቱ የሚይዘውን ቦታ ይለውጣል፤ አንዳንዱ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል። መድኃኒት በሌለበት ይህ ጠባይ ብዙም ጥቅም የለውም። መድኃኒቱ ሲመጣ ግን ሌሎቹ ያልቃሉ፤ ምግቡና ቦታው በሙሉ ለተረፈው ይቀራል። መድኃኒቱ ተቋቋሚውን አልፈጠረውም፤ መረጠው እንጂ።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስደንቀው ማስረጃ የመጣው ፍሌሚንግ በጦርነቱ ጊዜ ከሠራበት አካባቢ ነው። ከቡሎኝ አጠገብ፣ ዊምሩ በምትባል ሥፍራ በነበረ የጦር ሆስፒታል በ1915 አንድ ተራ ወታደር ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ሞተ። ጀርሙ ተጠብቆ በብሪታንያ ብሔራዊ የባክቴሪያ ስብስብ ውስጥ በተራ ቁጥር 1 ተመዘገበ። በ2014 የታተመ ምርመራ ይህን ጀርም ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ዘሩን ሲያነብ፣ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ሆኖ አገኘው። ፍሌሚንግ ሻጋታውን ሊያይ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር።

ማስጠንቀቂያው እውነት መሆኑን ለማየት ረጅም ጊዜ አልወሰደም። በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ሜሪ ባርበር የተባለች ሐኪም ከበሽተኞች የሚወጣውን ስታፊሎኮከስ ስትመረምር፣ ፔኒሲሊንን የሚቋቋመው በ1946 ከመቶ 14 ያህል፣ በ1947 38፣ በ1948 59 ሆኖ አገኘችው። ጀርሙ ከአልጋ ወደ አልጋ፣ በሐኪምና በነርስ እጅና አፍንጫ ይተላለፍ ነበር።

የፍሌሚንግን ምሳሌ በዚህ ቁጥር ፊት ስናቆመው ጉድለቱ ይታያል። በሐመርስሚዝ አልጋ ላይ ከተኙት በሽተኞች መካከል መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝቶ የቀማመሰ አልነበረም፤ መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም፣ ጀርሙን ያዛመተውም ሆስፒታሉ ነው። ምሳሌው በሌላም በኩል አልሠመረም። የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ያ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ድረስ ለፔኒሲሊን እንደ ተንበረከከ ነው፤ ያመለጠው ስታፊሎኮከስ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፍሌሚንግ ያላዋቂውን ገዢ ከሰሰ እንጂ ሻጩን አልከሰሰም። በእነዚያ ዓመታት ፔኒሲሊን በሚመጠጥ ከረሜላ፣ በቅባት፣ በጥርስ ሳሙና ሳይቀር ገብቶ ተቸብችቧል። ብሪታንያ በ1947 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። በ1950ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ አንቲባዮቲክ ከከብትና ከዶሮ መኖ ጋር በትንሽ በትንሹ መቀላቀል ተጀመረ፤ ይህም በሽታ ለመፈወስ ሳይሆን እንስሳው ቶሎ እንዲሰባ ነው። ጀርም የማይገድል ትንሽ መጠን ለረጅም ጊዜ መስጠት ማለት ፍሌሚንግ በስቶክሆልም አታድርጉ ያለው ነገር ነው። አንድ ባል በግዴለሽነት ያደርገዋል ብሎ የፈራውን ከበርቴው ለትርፍ ሲል በቶን አደረገው። የአውሮፓ ኅብረት ለማድለብ መስጠትን በሙሉ የከለከለው በ2006 ነው፤ አሜሪካም ለሰው ሕክምና በሚያስፈልጉት መድኃኒቶች ላይ ይህን ያቆመችው በ2017 ነው።

ፍሌሚንግ ያልገመተው አንድ ነገርም ነበር። እሱ ያሰበው ጀርም መቋቋምን ለልጆቹ ብቻ እንደሚያወርስ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ውስጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲበረታ፣ በ1950ዎቹ አራት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ሺጌላ ተገኘ። አራት ስሕተት በአንድ ዘር ላይ በአጋጣሚ ተደራረበ ለማለት የሚያስቸግር ነበር። በ1959 ኦቺያይና አኪባ እየመሩ ያካሄዷቸው ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ይህ ኃይል በአንጀት ውስጥ ከአንድ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት በመነካካት ይተላለፋል። የሚተላለፈውም ዛሬ ፕላዝሚድ የምንለው ትንሽ የዘር ቀለበት ነው፤ ብዙ የመቋቋሚያ ጂኖችን እንደ ቁልፍ ሰብስቦ ይይዛል። እንግዲህ በሽታ የማያመጣው የአንጀት ባክቴሪያ እንኳ መቋቋምን ተምሮ ለበሽታ አምጪው ሊያበድር ይችላል። ለጉንፋን የተወሰደ አንቲባዮቲክ ከጉንፋኑ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው አንጀት ውስጥ ምርጫ ያካሂዳል፤ ጉንፋኑ ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒቱ አይነካውም።

ይህ ነገር አገር ቤትም እዚህም የምናውቀው ነው። ቴትራሳይክሊን በፍሬ ተገዝቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲዋጥ፣ ሽፋኑ ተከፍቶ ዱቄቱ በቁስል ላይ ሲነሰነስ፣ ከአንዱ የተረፈው ለጎረቤት ሲታደል ያላየ የለም። ከመካከላችንም ወደ አገር የሚሄድ ጓደኛ በሻንጣው አንቲባዮቲክ እንዲያደርስ የሚለምን አይጠፋም። ይህን ሁሉ አላዋቂነት ብሎ ማለፍ የፍሌሚንግን ስሕተት መድገም ነው። ሦስት ፍሬ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሦስት ፍሬ ገንዘብ ብቻ ስላለው ነው፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ፣ የላቦራቶሪ ምርመራም የሌለበት ስለሆነ ነው። በ2022 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት እንደሚገምተው በ2019 መድኃኒት በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል ነው። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ የከፋው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ፣ በተለይም በምዕራቡ ክፍል ነው። በዚህ ክፍለ ዓለም የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ የተረፈው ተቋቋሚ ጀርም ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንደማይመለስ ዕዳ አድርጎ ማየትም ልክ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሜሪ ባርበርና ባልደረቦቿ በዚያው በሐመርስሚዝ የፔኒሲሊንን አጠቃቀም ገደቡ፤ ሌሎቹንም መድኃኒቶች ነጠላ ከመስጠት ይልቅ አጣምሮ መስጠትን ደነገጉ፤ የመተላለፊያውን መንገድ በንጽሕና ዘጉ። ተቋቋሚው ስታፊሎኮከስ ቀነሰ። በ1960 ያወጡት ጽሑፍ ሆስፒታል ደንብ አውጥቶ ከጸና ጀርሙ ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል አሳይቷል።

ፍሌሚንግ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፈው ከአገር አገር ሲጋበዝ፣ ሜዳልያና የክብር ዲግሪ ሲቀበል ነው። አየርላንዳዊት ነርስ የነበረችው የመጀመሪያ ሚስቱ ሳራ በ1949 ሞተች። በ1953 በላቦራቶሪው ትሠራ የነበረችውን ግሪካዊት ሐኪም አማልያ ኩትሱሪን አገባ። ስለዚህች ሴት አንድ ቃል ሳይሉ ማለፍ አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሯ ወራሪውን ስትታገል የታሰረች ናት። ፍሌሚንግ ከሞተ በኋላም ወደ አቴና ተመልሳ የኮሎኔሎቹን አገዛዝ ተቃወመች፤ በ1971 አንድ የፖለቲካ እስረኛ ለማስመለጥ ሞክረሻል ተብላ ተፈረደባትና ከአገር ተባረረች። አገዛዙ በ1974 ሲወድቅ ተመልሳ የምክር ቤት አባል ሆነች፤ በ1986 ሞተች።

ፍሌሚንግ ራሱ ማርች 11 ቀን 1955 ለንደን ውስጥ በልብ ድካም በ73 ዓመቱ ሞተና በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። በዚያን ጊዜ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ፔኒሲሊንን ከልክሎ ነበር። በ1959 የብሪታንያ ኬሚስቶች ያ ኤንዛይም ሊቆርጠው የማይችል ሜቲሲሊን የሚባል አዲስ መድኃኒት አወጡ። በ1961 ከለንደን የወጣ አጭር ሪፖርት ይህንንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ መገኘቱን አስታወቀ፤ ይኸኛው ጀርም በኤንዛይም አልተከላከለም፤ ሜቲሲሊን እጁን የማይጨብጠው ሌላ ግንበኛ ይዞ ተገኘ።